ለኤልግ ሥጋ የገዛነው ቦርሳ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ የመስቀል በዓል ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። የማልረሳው ስለፈራሁ ብቻ አይደለም፤ መፍራትማ ከዚያ በፊትም ፈርቼ አውቃለሁ። በዚያ ቀን ግን ጀርባዬ ላይ ያዘልኩት ሰው መውጫውን እየነገረኝ፣ ቋንቋው ሳይገባኝ ሁለታችንም ልንጠፋ ነበር።

የምኖረው ኦስሎ፣ ቫይትቬት ነው። ለትምህርት መጥቼ ሥራ ይዤ ቀረሁ። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ አቦይ ተኽለ የሚባሉ ኤርትራዊ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሠርተው ስለነበር አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ከእኔ ጋር ትግርኛ አያወሩም። "ጓለይ" ብቻ ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

አቦይ ተኽለ አዳኝ ናቸው። ከድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በየዓመቱ ከከተማው በስተሰሜን ባለው ጫካ ኤልግ ያድናሉ። ኤልግ ከበሬ የሚገዝፍ፣ ቀንዱ እንደ መዳፍ የተዘረጋ የአጋዘን ዘር ነው። ባለፈው ዓመት ግን ልጃቸው ሰናይት አይሆንም አለች፤ ደም ግፊት አለባቸው። ሰናይት ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፣ አሁን ፕሪንስዳል ትኖራለች። ደረጃው ላይ አገኘችኝና፣

"አንቺ አብረሽው ከዋልሽ፣ ያ፣ ይሂድ። ብቻውን ከሆነ ናይ!" አለችኝ፤ በኖርዌጂኛ "ያ" አዎ፣ "ናይ" ደግሞ አይሆንም ማለት ነው።

ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። የእሳቸውን ፊት ሳይ ግን እምቢ ማለት አቃተኝና ቃል ገባሁላት።

በሳምንቱ ለእኔ ቦርሳ ልንገዛ ማዮርስቱን የሚባለው ሰፈር ሄድን። እኔ ቀለል ያለች፣ የምታምር ትንሽ ቦርሳ አነሳሁ። አቦይ ተቀበሉኝና ጨርቋን ጆሮዬ ሥር አሻሹት።

"ስሚ እስቲ! እንደ ፌስታል ትንኮሻኮሻለች። ኤልግ ዓይኑ ደካማ ነው፣ ጆሮው ግን አይጣል ነው። ገና ሳትቀመጪ ይሰማሻል።"

እሳቸው የመረጡልኝ እንደ ብርድ ልብስ የለሰለሰ ወፍራም ጨርቅ የለበሰ፣ ጀርባው የብረት ዘንግ ያለው፣ ከሥሩ ደግሞ ሥጋ የሚጫንበት እንደ ትንሽ መደርደሪያ የሚዘረጋ ነገር ያለው ትልቅ ቦርሳ ነበር።

"ይሄማ ለአህያ ነው" አልኳቸው።

"ቀኑን ሙሉ ጫካ ለሚውል ሰው ቦርሳ ቤቱ ነው፣ ጓለይ። ደረቅ ልብስ፣ ምግብ፣ ገመድ፣ ትኩስ ነገር ይይዛል። ስትመለሺ ደግሞ ሥጋ።" ሰፊውን የወገብ ቀበቶ ጠበቅ አድርገው አሰሩልኝ። "ጭነት በትከሻ አይደለም፣ በዳሌ ነው" አሉኝ።

በአደኑ ቀን የቡድኑ መሪ ሩነ፣ ዝምተኛ የኖርዌይ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሰው መቀመጫ ቦታውን ነገረ። ለእኛ የደረሰን በሁለት ኮረብታዎች መሃል ያለ ረባዳ ነበር። የመገናኛ ሬዲዮ ሰጠንና፣ "እዚያ ታች አይሠራም። ከፈለጋችሁን ወደ ጠጠሩ መንገድ ውጡ" አለን። አቦይ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። እሳቸውን አምኜ መንገዱን ልብ አላልኩትም።

ስናደፍጥ ዋልን። ጭጋግ ወረደ። ከቀትር በኋላ አቦይ ሻይ ሊቀዱ ሲሉ ኩባያው ከእጃቸው ወደቀ። ቀና ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸው በቀኝ በኩል ወደ ታች ተጎትቷል።

"አቦይ! ቀኝ እጅዎን ያንሱልኝ!"

እጃቸው አልተነሳም። አንድ ነገር ተናገሩ፣ አልገባኝም። ደገሙት። ትግርኛ ነው፣ እሱም የተኮላተፈ። አማርኛው ጠፍቶባቸው ነበር። እሳቸውም ያወቁት መሰለኝ፤ ዓይናቸው በድንጋጤ ፈጠጠ።

ስትሮክ መሆኑን ጠረጠርኩ። እንዲህ ያለ ሕመም ጊዜ እንደማይሰጥም አውቃለሁ። ሬዲዮውን ከፈትኩ፣ ሽሽሽ ይላል። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ስልኩን ከፍ አድርጌ ይዤ ዳገቱን ሮጥኩ። ጥቂት እንደወጣሁ ወደ ኋላ ብዞር ጭጋጉ ሁሉንም ውጦታል። ትቻቸው ብሄድ ተመልሼ አላገኛቸውም። ሲያቃስቱ ድምፃቸውን ተከትዬ ነው የተመለስኩት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አላሰብኩም። ቦርሳውን ዘረገፍኩት። የሥጋውን መደርደሪያ ዘረጋሁና ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አቆምኩት። አቦይን እንደምንም ጎትቼ፣ ደረታቸው ወደ ጀርባዬ፣ እግሮቻቸው በግራና በቀኝ እንዲንጠለጠሉ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። በገመድ አሰርኳቸው። ትንሽ ሰው ናቸው፤ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ብዙ አይበልጡም። ግን እኔም ሲሚንቶ ተሸክሜ አላውቅም። አንዲት ዛፍ አቅፌ ተነሳሁ።

የእግር መንገዱን ይዤ አንዲት ትንሽ ወንዝ ጋ ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በቀኝ ሰፊና ቁልቁል ነው። በግራ ያለው ጠባብ ሆኖ ሽቅብ ይወጣል። ቁልቁሉን መረጥኩ።

"ጸጋም" አሉ አቦይ ከጆሮዬ ሥር።

ጸጋ እያሉ የሚጸልዩ መሰለኝ። "አሜን" አልኳቸው።

"ጸጋም! ጸጋም!"

"አሜን፣ አቦይ። አሜን።"

እየደጋገሙ ጮኹ፣ እኔም አሜን እያልኩ ወረድኩ። እየሞቱ ነው፣ የመጨረሻ ጸሎታቸው ነው ብዬ አለቀስኩ። መሬቱ እየረጠበ መጣና ቀኝ እግሬ እስከ ጉልበቴ ረግረግ ውስጥ ገባ። በዚህ መሃል አቦይ በደህናው እጃቸው ግራ ጆሮዬን ይዘው፣ ሊነቅሉት እስኪመስለኝ ጎተቱት። ጮኼ ቆምኩ። ጆሮዬን ለቀው ግራ ትከሻዬን መቱኝ።

"ጸጋም!"

"ግራ? ግራ ነው የሚሉኝ?"

ግንባራቸውን ማጅራቴ ላይ ጥለው አለቀሱ። እንባቸው በአንገቴ ሲወርድ ይሰማኛል።

እግሬን መንጭቄ አውጥቼ ያን ሁሉ ቁልቁለት ተመልሼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ መንገድ በተከፈለ ቁጥር በጆሮዬ መሩኝ። በኋላ ግን እጃቸው ላላ። "ጸጋም ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "አቦይ፣ ጆሮዬን ይጎትቱኝ እንጂ!" ዞሬ እንዳላያቸው ታስረዋል፣ ላውርዳቸው ብል ዳግም አላነሳቸውም። በጉልበቴ ወደቅኩ። የመጨረሻውን ዳገት በአራት እግሬ እየዳህኩ ነው የወጣሁት። ምን ብዬ እንደጸለይኩ አላስታውስም፤ ጸሎት ሳይሆን ልመናም ስድብም ነበር።

መዳፌ ጠጠር ነካ። ሬዲዮውን ስከፍት የሩነ ድምፅ መጣ። እኔ ደግሞ በአማርኛ እጮህበታለሁ። አንድም የኖርዌጂኛ ቃል ሊመጣልኝ አልቻለም። ሩነ "ረጋ በይ፣ የት ነሽ? መንገዱ ላይ ነሽ?" አለኝ። "ያ፣ ያ፣ ያ" ብቻ አልኩት። ሩነ የጠራው የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ሲያርፍ ገመዱን የፈታው እሱ ራሱ ነው፤ ሮጦ ደርሶልን ነበር። አቦይ ይተነፍሱ ነበር።

ሆስፒታል ሰናይት መጣች። እስከ ወገቤ ጭቃ ሆኜ ስታየኝ አቀፈችኝ። ቀበቶው ዳሌዬን ልጦት ስለነበር ከሕመሙ የተነሳ ጮኼ ወደ ኋላ አልኩ። የተቆጣኋት መስሏት ነው መሰለኝ፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" አለችኝ፣ አብረን መሬት ላይ ተቀምጠን ተላቀስን።

አቦይ ተረፉ። ቀኝ እጃቸው እንደ ድሮው አይታዘዝም። ጠዋት ጠዋት ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ረዳት ይልክላቸዋል። ኖርዌጂኛው ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ አማርኛው ግን አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። ሲጠፋ እኔ በአማርኛ፣ እሳቸው በትግርኛ እናወራለን።

ሰዎች ጀግና ይሉኛል። ደስ አይለኝም። ሌሊት በሕልሜ የምወርደው ያንን ሰፊ ቁልቁለት ነው፣ ከጀርባዬም ማንም አይናገርም።

አሁንም የሰናይት ስም ስልኬ ላይ ሲበራ፣ ከማንሳቴ በፊት የአቦይ ድምፅ ከታች ፎቅ ይሰማ እንደሆነ አዳምጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምትደውለው አባቷ ከዘራቸውን ትተው ብቻቸውን ደረጃ ሊወጡ እንደሞከሩ ልትከስ ነው። "አንቺን ይሰማሻል፣ ተቆጪልኝ" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እወርድና በራቸውን አንኳኳለሁ፤ ሲከፍቱልኝ ግን መቆጣቱ ከየት ይምጣ!