እናቴ ያልሄደችባቸው ሁለት ከተሞች

እናቴ አሜሪካ መጥታ ስድስት ወር ስትቀመጥ፣ እዚሁ አሜሪካ ያሉትን ሁለት ወንዶች ልጆቿን ሳታይ ተመልሳለች። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው የለም። «አሟት ነው ወይ?» ይሉኛል። «ልጆቹ ታስረው ነው?» ያለኝም አለ። ታላቅ ወንድሜ ዋሽንግተን፣ ታናሹ ሎስ አንጀለስ፣ ሁለቱም ጤነኞች፣ ሁለቱም ወረቀት ያላቸው፣ ሁለቱም በስልክ «እማዬ፣ አንቺን አይቼ ልሙት» የሚሉ ነበሩ።

ጠባቸው የመጣው ከአባታችን ሞት ነው። አባታችን አዲስ አበባ ሲያርፍ እኔ አራስ ነበርኩ። ታላቁ «ትንሹ ይሄዳል» ብሎ ቀረ። ትንሹ ደግሞ «ታላቁ እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ» ብሎ ቀረ። አባታችንን የዕድር ሰዎችና የእህቱ ልጆች ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሌላውን «አባቱን ያልቀበረ» ይለዋል። ሁለቱም አልቀበሩም እኮ! ይህን ሳስብ አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል፤ ሳቁ ግን አያምርም።

እናቴ ሚኒያፖሊስ የገባችው በመስከረም ነው። እኔ ያን ጊዜ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ውስጥ ከልጄ ጋር እኖር ነበር። እናቴ ስትመጣ አውሮፕላን ላይ ራሷን ስታ ነበርና ሐኪሙ ደግማ ብቻዋን እንዳትበር አዘዘ። እኔ ደግሞ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በሚባል ቦታ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው የምሠራው፤ የቀረኝ ፈቃድ አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ስለዚህ ይዣት የምሄደው አንድ ጊዜ ነው። የቀረው፣ ወዴት የሚለው ነው።

መጀመሪያ የዋህ ነበርኩ። ሳምንቱን ለሁለት ከፍለን ሁለቱም ጋ እናድርሳት ብዬ ለታላቁ ደወልኩ።

«ደስ ይለኛል» አለ። «መጀመሪያ የት ናችሁ?»

«ጋሽዬ፣ የትስ ቢሆን?»

«አይ፣ መጀመሪያ እሱ ጋ ከሆነ እኔ ጋ አትምጡ። የበኩር ልጇ እያለሁ የማንን ደጃፍ ነው ቀድማ የምትረግጠው?»

ትንሹም ያው ነው። «እታለም» አለኝ፣ «እኔ ይሄን ቤት ሞርጌጅ ገብቼ የገዛሁት እሷ እንድትመርቅልኝ ነው። ክፍሏን ቀለም አስቀብቻለሁ። የእሱን ትራፊ ግን አልቀበልም።»

«እናትህ ትራፊ ናት?» ስለው ስልኩን ዘጋብኝ።

እንግዲያው እነሱ ወደኛ ይምጡ አለች እናቴ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ለሁለቱም ተራ በተራ ደወልኩላት። የሁለቱም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ «እሱም ይመጣል?» በዓይኔም በእጄም «አይመጣም በይ» እያልኩ እለምናታለሁ። እሷ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ «አዎ ልጄ፣ ሁለታችሁንም ነው የጠራሁት» አለች። ሁለቱም ሥራ እንደሚበዛባቸው በዚያው ደቂቃ ትዝ አላቸው። ስልኩ ሲዘጋ ተቆጣኋት። «ለልጆቼ አልዋሽም፤ በመሃላቸው ያለው ነገር ይበቃቸዋል» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ በፎቁ ሁሉ ተሰማ። ቡና ሳይሆን ምክር ሊያጠጣን የሚመጣው ሰው በዛ። አንዷ ጎረቤቴ «እማማ፣ ዋሽንግተን ይሻልዎታል፤ ታክሲው ሐበሻ፣ ሱቁ ሐበሻ፣ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልዎታል» ትላለች። ሌላዋ ትቀበልና «ኧረ ሎስ አንጀለስ! ለጉልበት እኮ ፀሐይ ነው መድኃኒቱ» ትላለች። እናቴ ሁሉንም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሻይ ትቀዳላቸዋለች። ሲወጡ ብቻ «ከልጅ ልጅ ቢለዩ ዓመት አይቆዩ ሲባል አልሰሙም እንዴ» ትለኛለች።

ልጄ ደግሞ ያን ጊዜ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። አንድ ቀን የቤት ሥራዋን እየሠራች «ማም፣ ዋይ ካንት ሺ ጀስት ፒክ ዋን?» አለች።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

«ለምን አንዱን ዝም ብላ አትመርጥም ነው የምትለው።»

እናቴ ፀጉሯን ዳበሰቻት። «እህት ወንድም የላት፣ በምን ታውቀዋለች» አለች።

ኅዳር ሲጋመስ በረዶ ጣለ። እኔም ዕጣ እናውጣ አልኩ። የሰው ልጅ መወሰን ያቃተውን እግዜር በዕጣ ይወስናል፤ ርስትም በዕጣ ይካፈላል፣ ቅር የሚለው ሰውም እዚያው ይተወዋል። እናቴ አሰበችበት። ከቤተ ክርስቲያን በተመለስን በአንዱ እሑድ «እሺ፣ እሱ ይምረጥ» አለች። የሚገርመው ሁለቱም ወንድሞቼ እሺ አሉ። በዚያን ሰሞን ብቻ ነው ቤታችን ውስጥ ሳቅ የሰማሁት። አለቃዬን ኦፍ ጠየቅሁ። እናቴ እህል የቋጠረችባቸውን ከረጢቶች አውጥታ በሶውን ለብቻ፣ ሽሮውን ለብቻ አስተካከለች። የማን ድርሻ የማን እንደሆነ ብጠይቃት አልነገረችኝም።

ሁለት ወረቀት ጽፌ አጥፌ ሰሃን ላይ አስቀመጥኩ። እናቴ ካማተበች በኋላ ልጄ አንዱን አነሳች። ሎስ አንጀለስ። እልል አልኩ። የት ብትሄድ ግድ አልነበረኝም፤ መሄዷ ነው ያስደሰተኝ። እናቴ ግን የወጣውን ትታ ሰሃኑ ላይ የቀረውን አንስታ ፈታችው። ማንበብ አትችልም።

«ይሄኛውስ?»

«እሱማ ዋሽንግተን ነው። ቀረ።»

«ቀረ አትበይ» አለችኝ።

ለሁለቱም ደወልኩ። ታላቁ «ማን ጻፈው? ማን አጠፈው?» አለ። «አንቺ ድሮም ለእሱ ታደያለሽ» አለ። ይህን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅሁት የትንሹን ነው። ጮኸ፣ አመሰገነ፣ ከዚያ «አየሽ እታለም? እግዜርም ፈረደ! አባቱን ያልቀበረ ምን ይጠብቃል? ንገሪው ይሄን!» አለኝ። ስልኩ አሁንም ስፒከር ላይ ነበር። እናቴ ሁሉንም ሰማች።

ቲኬቱን ቡክ አድርጌ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ዩኒፎርሜን ስለብስ መጣችና «መልሽው» አለችኝ። ያኔ ፈነዳሁ። በሕይወቴ እናቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

«ሁለቱንም ከምታጪ አንዱን ብታዪ ምናለበት? ምንድነው ይሄ ድርቅና?»

አስጨረሰችኝ። «አንዱን ካየሁ ሌላውን የገፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሁለቱንም ካላየሁ ግን ያላዩኝ እነሱ ናቸው። እኔ እናት ነኝ፣ አልገፋም።»

አውቶቡሱ ላይ እስከ ሥራ ቦታዬ ድረስ አለቀስኩ። ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ግን ለማንም አልበጀም።

የበረዶውን ወራት መስኮት ዳር ተቀምጣ ከፎቁ ሥር የሚያልፈው ባቡር ሲመጣና ሲሄድ እያየች አሳለፈችው። ስልክ ሲደወል ቀድማኝ ትነሳ ነበር። ገና መጣ፣ ሁለቱም «እንኳን አደረሰሽ» አሉ፣ ሁለቱም ዕቃ በፖስታ ላኩ። ራሳቸውን የላከ የለም። እኔ አሁንም አንዳቸው በር ያንኳኳል እያልኩ ትርፍ ፍራሽ ተውሼ አስቀምጬ ነበር፤ በጥምቀት መለስኩት።

የካቲት ላይ መሄጃዋ ደረሰ፤ እስከ አዲስ አበባ የምታደርሳት አገር ቤት የምትገባ የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ተገኘች። ቀላሉ መንገድ በዋሽንግተን ነው። የአዲስ አበባው አውሮፕላን ከዚያ ይነሳል፣ ታላቁም ኤርፖርት ላይ ለጥቂት ሰዓት ሊያገኛት ይችል ነበር። እሷ ግን በአምስተርዳም ካልሆነ አልሄድም አለች። ሴትየዋ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ቲኬቷን ለእሷ ብላ ቀየረች።

ለታላቁ ስነግረው «ኤርፖርት ላይ እንኳ?» አለና አለቀሰ። አላዘንኩለትም።

ትንሹ ግን «በእሱ በኩል አላለፈችም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አላለፈችም።»

«ተመስገን» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ስልኩን አላነሳሁለትም።

እናቴ ያንኑ ዓመት፣ ዝናቡ ሳይወጣ አረፈች። መርዶዬን ጎህ ሲቀድ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መጥተው ነገሩኝ። ቀብሯ በዚያው ቀን ስለነበር ከሦስታችን ማንም አልደረሰም። እሷንም የዕድር ሰዎች ቀበሯት።

ከሰዓት በኋላ ታላቁ ደወለ። ድምፁ ሻክሯል። «ለቅሶው እኔ ጋ ነው፤ አዳራሽ ይዣለሁ። ሰው ሁሉ ሴት ልጇ የታለች እያለኝ ነው። ዛሬውኑ ነይ።» ብዙም ሳይቆይ ትንሹ ደወለ። «እታለም፣ ለቅሶውን እኔ ቤት አስቀምጫለሁ። እሱ ጋ ሄድሽ ብለው ከነገሩኝ በቃ፣ እህት የለኝም።» ለሁለቱም እሺ አልኳቸው። ኮምፒውተር ከፍቼ በረራ መፈለግ ጀመርኩ፣ መነሻ ሚኒያፖሊስ ብዬ ጻፍኩ፣ መድረሻ የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ብዙ ተቀምጬ ዘጋሁት።

ፍራሽ መሬት አውርጄ ቤቴ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ ምግብ ይዘው ገቡ፣ የማላውቃቸውም ለቅሶ ሰምተው መጡ። ከፊሊፕስ ሰፈር የመጡ፣ አይቻቸው የማላውቅ አንዲት እናት ከጎኔ ተቀምጠው ጀርባዬን ሲያሹኝ ዋሉ። ሰው ሲቀል ግራ ቀኙን አዩና «ብቻሽን ነሽ እንዴ ልጄ? ወንድም የለሽም?» አሉኝ።

«የለኝም» አልኳቸው።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ መጣችና አጠገቤ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።