አራሷ ያለችበት ቅርንጫፍ

የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት ለሙት ዓመቱ ጠላ ሊጠምቁ ከአርማጭሆ፣ ከትክል ድንጋይ፣ ወደ ጎንደር ሲመጡ አብረን የምናለቅስ መስሎኝ ነበር። አለቀስንም። ግን ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ስንቀመጥ የሁለታችንም ዓይን ዋንዛው ላይ ነው።

ክረምቱ እየወጣ ነበር። ዝቅ ካለው የዋንዛ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አንድ ቢጫ ወፍ ሣር እየሰነጠቀ ጎጆ ይሸምናል። ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተዘቅዝቆ ክንፉን እያርገበገበ ይጮሃል። ሴቷ መጥታ በታች ባለው ቀዳዳ ትገባለች፣ ታያለች፣ ወጥታ ትሄዳለች። እሱ የገዛ ጎጆውን ዘነጣጥሎ ያፈርስና እንደገና ይጀምራል።

ከቀብሩ ወዲህ ከአልጋዬ የምነሳበት ምክንያት ጠፍቶኝ ነበር። አሁን ግን «ዛሬስ ትገባለት ይሆን?» እያልኩ እነሳለሁ። ነውር ስለመሰለኝ ለማንም አልተናገርኩም።

እትዬ ግን ነውሩም አልታያቸውም። «ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ የቤታችን ምሰሶ» ብለው የጀመሩትን ሙሾ መሀል ላይ ያቆሙታል።

«ውይ! ዛሬም ጥላው ሄደች! ምነው፣ ቆርቆሮ ካልሆነ አልገባም አለች?»

«ቀዳዳው ሰፍቶባት ይሆናላ» አልኩ።

«አዎ፣ ጥብቅና ቁሚላት! ወንድሜን ወጥ ቤት ሠርቶ ሠርቶ ያስፈረስሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ጭሱ መኝታ ቤት እየገባ እኮ ነው እትዬ።»

«ስለ ጭስ ነግሮኝ አያውቅም። የነገረኝ ስለ ምላስሽ ነው።»

ጥቁር እንደለበስኩ ከት ብዬ ሳቅሁ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ በአጥሩ በኩል ያየችን ጎረቤት ልቅሶ መስሏት «አይዟችሁ፣ እግዜር ያጽናችሁ» ብላን አለፈች።

የሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሴቷ ገባች፤ ገብታም ቀረች። እትዬ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ዘጉት።

በዋዜማው የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ድንኳን የሚተከለው ዋንዛው ሥር ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ፣ ሲናገሩ ማዶ ሰፈር የሚሰሙ ሰው፣ ወደ ላይ አይተው «ያንን ቅርንጫፍ ጣሉት» አሉ። መጥረቢያ ተነሳ።

«አይቆረጥም!» አልኩ። ዓመት ሙሉ ድምፄን እንዲህ ከፍ አድርጌ አላውቅም። «ወፍ አለበት።»

«የመጣነው ለሰው ሙት ዓመት ነው ወይስ ለወፍ ሠርግ? ካህናቱ ነገ የት ይቀመጡ?» አሉ ዳኛው።

ሰዎቹ ሳቁ። ወደ እትዬ ዞርኩ። የሟች እህት ናቸውና እሳቸው ይቆረጥ ካሉ እኔ የምለው አይኖርም። የወንድማቸው መታሰቢያ በወፍ ምክንያት ሲጓደል ዝም የሚሉም አልመሰለኝም።

እትዬ የጌሾውን ቅጠል ከእጃቸው እያራገፉ ከጋኑ አጠገብ ተነስተው መጡ።

«አያ፣ እዚያ ያለችው አራስ ናት።»

«አራስ?»

«እንቁላሏን ታቅፋለች። አራስ ከቤቷ ያስወጣ እድር በአርማጭሆ ሰምቼ አላውቅም። የጎንደር ደንብ ይህ ከሆነ ንገሩኝና ሄጄ ላውራ።»

ዳኛው መጥረቢያውን አዩ፣ ጎጆውን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አራስ ካለችማ...» አሉ።

ድንኳኑ አንድ ጎኑ ታጥፎ ተተከለ፤ ቅርንጫፉ ከነጎጆው እንደ እንግዳ ገባ። በማግስቱ ካህናቱ ሲጸልዩ ወንዱ ወፍ ከአናታቸው በላይ ይጮሃል። ጸሎቱ ሳያልቅ ከድንኳኑ ጠርዝ ክር መዞ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ማሰር ጀመረ። እትዬ «ተመልከቺ፣ ሁለተኛ ሊያገባ ነው!» አሉኝ። ቀስ ብለው ያሉ መስሏቸው ነበር፤ ቄሱ እንኳ ቀና ብለው አዩ። ምግብ ሲቀርብ ዳኛው የተቀመጡት ልክ ከጎጆው ሥር ነበር። ትከሻቸው ላይ የወረደባቸውን ኩስ በእጃቸው ጠረጉና «ምን ይደረግ፣ አራስ ቤት ነው» ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ።

ድንኳኑ ሲነሳ እኒያ ጯሂ ሰው በሹክሹክታ ያዝዙ ነበር። «ቀስ! ገመዱን አትጎትተው አንተ፣ ቀስ!» ያ ሁሉ ጎልማሳ በእግሩ ጣት እየተራመደ ሸራውን አወረደ። ከዚያ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን።

ሴቷ በቀዳዳው አንገቷን ብቅ አደረገች። እኔን፣ እትዬን፣ ምሰሶ የተሸከሙትን ሰዎች ተራ በተራ አየችና ተመልሳ ገባች።

«አልወደደችንም» አሉ ዳኛው።

«ገብታለች አይደል?» አልኩ።