የአባቴ ኮት በሸንጎ ፊት

አባቴ ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ የሚያወጣውን መንገድ ሲጠግን የኖረ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሙሉ ልብስ ለብሶ አያውቅም። እኔ በመምህርነት በተቀጠርኩ በዓመቱ የእህቴ ሠርግ ደረሰ። ከድሬዳዋ ግራጫ የሱፍ ጨርቅ አስመጣሁና ገበያው አጠገብ ወዳለው ልብስ ሰፊ ይዤው ሄድኩ።

ልብሱ ያለቀ ቀን አባባ መስታወቱ ፊት ቆመ። የግራው እጅጌ አንጓው ላይ አርፏል። የቀኙ ግን አራት ጣት ያህል ሽቅብ ቀርቷል።

«ይሄ እኮ እኩል አይደለም» አልኩት ሰፊውን።

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ስፌቱ ምንም አልሆነ። ዕድሜ ልኩን አካፋ ሲጎትት የኖረ ሰው ቀኝ እጁ ይረዝማል» አለ።

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። አባባ ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ቤት ስንገባ «ተይው ልጄ፣ ክንዴን አጠፍ አድርጌ እቆማለሁ፤ ማን ያየዋል?» አለኝ። እኔን ግን ያ ሳቅ አንጀቴን አሳርሮታል። በማግስቱ ሄጄ ለቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ከሰስኩ።

የሸንጎው ሰብሳቢ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ የሚናገሩ ሙስሊም አዛውንት ነበሩ። ሰፊው እዚያም አባባ ፊት ያንኑ የአካፋ ነገር ሳያፍር ደገመው። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰሙትና «ቶሌ፣ እሺ። ሜትርህን ይዘሃል?» አሉት።

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ክንዳቸውን ለካ። ቁጥሩንም ጮክ ብለህ ተናገር።»

ግራውን ለክቶ ቁጥሩን ተናገረ። ቀኙን ለካ። ደግሞ ለካ።

«ምነው፣ ድምፅህ ጠፋ?»

«ያው ነው» አለ መሬት መሬት እያየ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያን ጊዜ «ተይው» ሲለኝ የነበረው አባቴ ድንገት ብድግ አለ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ይሄ ሰው የሚሰፋበት ክርና አዝራር የሚመጣው እኔ በጠገንኩት መንገድ ነው። ሰው ነውና ኮት ቢያበላሽ አልቀየመውም። በሥራዬ ግን አይሳቅብኝ!»

እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሰብሳቢው «ወላሂ፣ እውነታቸውን ነው» አሉና ፈረዱ፦ ሰፊው ያንኑ ዓይነት ጨርቅ ከራሱ ገዝቶ፣ ከሠርጉ በፊት እንደገና ይስፋ፤ ይቅርታም ይጠይቅ።

በሁለተኛው ቀን ሜትሩን ይዞ ቤታችን ድረስ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «አባቴ፣ በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። አባባ እጁን ይዞ አስገባውና ምሳ አብልቶ ሰደደው።

አዲሱ ልብስ ልክክ አለለት። የሠርጉ ዕለት እንግዳ ሲቀበል ዋለ፤ ሙሽራዋን ትተው እሱን የሚያዩ ነበሩ።

ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ጎረቤታችን አንዲት እናት በራችንን አንኳኩ። ወፍጮ ቤቱ የሰጣቸውን አሸዋ የበዛበት ዱቄት በሳህን ይዘዋል። «እስቲ ነይ፣ አብረን ሄደን እናናግራቸው» አሉኝ። ነጠላዬን አነሳሁና ተከተልኳቸው።