የክፍሉ ሰዓት

ኩንሃሙ የመጡት ሊቀሩ ነው። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ልጆቻቸው የላኩላቸው የጉብኝት ቪዛ ነው፤ ትኬቱም ደርሶ መልስ። እሳቸው ግን ከኬራላ ከመነሳታቸው በፊት ላማቸውን ሸጠው፣ ዶሮዎቹን ለጎረቤታቸው ለቢራን አደራ ሰጥተው፣ የሟች ባለቤታቸውን የመስገጃ ምንጣፍ ከሻንጣው ግርጌ አጥፈው ነው የወጡት። ዕድሜ ልካቸውን ባሕር ማዶ ደክመው ያሠሩት ሰፊ ቤት ከሴትዮዋ ሞት ወዲህ ጭር ብሎባቸዋል። ሲመሽ ራዲዮኑን በሌላ ክፍል ይከፍቱታል፤ ሰው ያለ እንዲመስላቸው። አሁን የሚፈልጉት ከልጆቻቸው በአንዱ ቤት አንዲት ጥግና አንዲት አልጋ ብቻ ነው። የትኛውን እንደሚለምኑ ግን አልወሰኑም። ወንዱ ሻምሱ ዱባይ፣ ሴቷ ሱህራ አቡ ዳቢ ናቸው።

ሁለቱ ከተሞች በመኪና ቢበዛ ሁለት ሰዓት ቢራራቁ ነው። ሰዎቻቸው ሲነቃቀፉ ለሰማ ግን በመካከላቸው ሌላ አገር ያለ ይመስላል። የዱባዩ የአቡ ዳቢውን እንቅልፋም ይለዋል፤ የአቡ ዳቢው የዱባዩን ጉረኛ። የሚገርመው ደግሞ አምርረው የሚሟገቱት እንደኛ ያሉት ስደተኞች፣ ቪዛቸው ያለቀ ዕለት ከሁለቱም ተጠራርገው የሚወጡት ናቸው።

ሻምሱ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላቸው ሽቶ ተርከፍክፎ ነው። "ኡፓ!" ብሎ እንደ ልጅነቱ አባቱን ጠርቶ እጃቸውን ሳመ። የኩንሃሙ ዓይን ልጃቸው ካሰረው ወርቅማ ሰዓት ላይ አረፈ። የቆዳ ማሰሪያው ሦስት ቀዳዳዎቹ ጋ እጥፋት ሠርቷል፤ አንዱ ለወፍራም እጅ፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ ለቀጭን።

ኩንሃሙ ዱባይን ያውቋታል። በወጣትነታቸው በእንጨት ጀልባ መጥተው፣ ከባሕሩ ዳር ዋኝተው ወጥተው፣ ተራራውን በእግራቸው ተሻግረው የገቡባት ከተማ ናት። ያኔ አሸዋና ጀልባ ነበረች። አሁን ሻምሱ ሰማይ ጥግ ከደረሰ ፎቅ ላይ አውጥቶ መጋረጃውን ሲከፍትላቸው መስታወቱን ይዘው ቀሩ። እስከ ባሕሩ ድረስ መብራት ነው።

"ያ አላህ! ይህ ሁሉ ያንተ ነው?"

"የኔ ማለት… የኪራይ ነዋ፣ ኡፓ። ዱባይ ውስጥ ማን የራሱ አለው?"

"እህትህስ ጋ እንዲህ ያለ አለ?"

"አቡ ዳቢ?" ሻምሱ ሳቀ። "እዚያማ ከምሽት ሶላት በኋላ መንገድ ላይ የሚያገኙት ድመት ብቻ ነው።"

ኩንሃሙም ሳቁ። እዚሁ ልጠይቀው ይሆን? አሉ በልባቸው። የዚያን ቀን ዱባይን ወደዷት።

ፍቅሩ ግን አልበረከተም። ልጃቸው ከገበያ አዳራሽ ገበያ አዳራሽ ሲያዞራቸው ጉልበታቸው ከዳቸው። ፎቁ ላይ ሆነው ነፋስ ቢያምራቸው መስኮቱ አይከፈትም። ሰላም የሚላቸው ሰው የለም፤ አሳንሰሩ ውስጥ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንድ ጠዋት ቀይ ሻይ አማራቸው። ሻምሱ ስኳር ፍለጋ መሳቢያውን ሁሉ ከፍቶ ዘጋ፤ በመጨረሻ ያገኘው ጨው ነው። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ የሕፃን ነጠላ ጫማ ተቀምጧል። ሻምሱ ሚስት እንኳ የለውም። ታች ሲወርዱ ደግሞ ዘበኛው ልጃቸውን፣ "ወንድም፣ አንተ የየትኛው ቤት እንግዳ ነህ?" ብሎ ጠየቀው። ሻምሱ እንዳልሰማ አለፈ።

ኩንሃሙ ግን ሰሙ። ከዚያ በፊትም ማሰሪያውን ያዩ ዕለት ጠርጥረው ነበር። እሳቸው በጉልምስናቸው እዚሁ ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር፣ በአንድ ክፍል ከስምንት ወንዶች ጋር ተደራርበው ሲኖሩ ክፍሉ አንድ ወርቅማ ሰዓት ነበረው። የማንም አይደለም፤ የክፍሉ ነው። ፈቃድ ወጥቶ አገሩ የሚገባ ሰው አስሮት ይሄዳል፣ ዘመድ አዝማድ ያይለታል፣ ሲመለስ ለባለተራው ያስረክባል። ኩንሃሙ የተሞሸሩት ያንኑ ሰዓት አስረው ነው። ሙሽራቸው በሚቀጥለው ፈቃድ ባዶ እጃቸውን ስታይ ተበላሸ አሏት፤ ሴትዮዋ አምናቸው ኖራ አምናቸው ሞተች። አሁን ልጃቸው አገር ቤት ለመግባት ሳይሆን አባቱን ለመቀበል አሰረው። ፎቁም እንደ ሰዓቱ ውሰት ነው፤ ለፈቃድ አገሩ ከገባ ቤተሰብ የተዋሰው። መናደድ ፈለጉ፣ አልቻሉም። የተሰማቸው ድካም ብቻ ነው።

ስለዚህ ተስፋቸውን ሰብስበው አቡ ዳቢ ገቡ። መጀመሪያ ጠሏት። መንገዱ ሰፊ፣ ሰዉ የለ። "ሰው ሁሉ የት ገባ?" አሉ፤ ሻምሱ እውነቱን ነው ለካ። ሱህራና ባለቤቷ ኮያ የሚኖሩት ከአንድ ትልቅ ግቢ ጓሮ በተከፈለች አንዲት ክፍል ነው፤ ማድቤቷ ከመጋረጃ ጀርባ ናት። ይህች ግን የእውነት ቤታቸው ናት። ሱህራ ስኳሩን ዓይኗን ጨፍና ታገኘዋለች።

ኮያ የአንድ አረብ ቤተሰብ ሾፌር ነው። ኩንሃሙ እንደገቡ፣ "እኔ የሌሊት ሥራ ገጥሞኛል፣ ኡፓ፤ አልጋው የእርስዎ ነው፣ ሱህራ መሬት ላይ ትተኛለች" ብሎ ትራሱን ብብቱ ሥር ወሽቆ ወጣ። በየምሽቱም እንደዚያው።

እየዋለ እያደረ ከተማዋ ለመደቻቸው። ከባሕሩ ዳር ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አገኙ። አንድ ጡረተኛ የፓኪስታን ዘበኛ እየመጣ የተቀቀለ ሽምብራ ያካፍላቸዋል፤ ቋንቋ ባይግባቡም አብረው ባሕሩን ያያሉ።

"አላልኩዎትም፣ ኡፓ?" አለች ሱህራ ደስ ብሏት። "ዱባይ ሩጫ ብቻ ነው። የሻምሱ ወሬ ደግሞ ከፎቁ ይረዝማል። ሰው የሚኖረው እዚህ ነው።"

"ወንድምሽን ተይው እስቲ።"

"እንዴት ልተወው! መኪና እገዛለሁ ያለው ስንት ዓመቱ ነው?"

ኩንሃሙ ቆረጡ። ዓርብ ከምሳ በኋላ ሊነግሯት ነው። ጥግ ላይ አንዲት ፍራሽ ቢያነጥፉላቸው ይበቃቸዋል። ምንጣፉንም ከሻንጣው አውጥተው አልጋው ራስጌ አደረጉት።

ዓርብ ንጋት ላይ ወደ መስጊድ ሲወጡ የአሠሪዎቹ መኪና ከግቢው ጥግ ቆሟል። መስታወቱ በጣት ያህል ወርዷል። ኮያ ወንበሩን አንጋሎ፣ ትራሱን አቅፎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። የእግሩ ጣቶች መሪው ላይ ናቸው። ኩንሃሙ ሊያልፉ ሲሉ ነቃ።

"ኡፓ! በጠዋቱ ተነሱ? እኔ እኮ… አሁን ገና ከሥራ…"

"በርታ፣ ልጄ።"

"ለጥቂት ጋደም ልበል ብዬ ነው።"

"ተኛ። ማንም አላየህም፣ ተኛ።"

መስጊድ ገብተው ሰገዱ፤ ምን ብለው እንደ ጸለዩ ግን አያውቁትም። አፍረዋል፤ አዝነዋልም። እሳቸው ከቀሩ ያ ልጅ ዘላለም መኪና ውስጥ ሊያድር ነው። ተመልሰው ምንጣፉን አጥፈው ሻንጣው ግርጌ ከተቱት። በምሳ ላይ ሱህራ የዓሣውን ወጥ እየጨመረችላቸው፣ "እንግዲህ ፍርድ ይስጡ። ከሁለታችን ከተማ የማን ይሻላል?" አለቻቸው።

"ሁለቱም ለኔ ይሰፉኛል" አሉ። "አገሬን ናፍቄያለሁ። ትኬቱን አስቀድሙልኝ።"

ሱህራ አለቀሰች። ግን ቆዩ ብላ አልለመነችም። ኩንሃሙ አልተቀየሟትም።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሳቸው ሻምሱ ነው። መግቢያው በር ላይ ሲደርሱ ዓይኑ ቀልቶ ሰዓቱን ከእጁ ፈታ።

"ይውሰዱት፣ ኡፓ። የሰፈሩ ሰው ይይልዎ።"

ኩንሃሙ ሰዓቱን ተቀብለው ማሰሪያውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ የልጃቸውን እጅ ይዘው ለቀጭን እጅ በሆነው እጥፋት ላይ መልሰው አሰሩለት።

"እኔ ይዤው ብሄድ ባለተራው በምን እጁ አገሩ ይገባል?"

ሻምሱ አንገቱን ደፋ።

"ማሰሪያውን ቀይሩት እንጂ፤ በኛ ጊዜ በየዓመቱ አዋጥተን እንቀይር ነበር። ለቤቱ ባለቤቶችም ሰላምታ አድርስልኝ፤ አልጋቸው ይመቻል። አሁን ስልክህን አውሰኝ፣ ቢራንን ላናግረው።"

ሻምሱ ደውሎ ሰጣቸው፤ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

"ቢራን፣ እኔ ነኝ። ዶሮዎቹ አሉ?… አዎ፣ ነገ እገባለሁ… ልጆቹ? ምን ይሆናሉ፣ ደህና ናቸው። ሁለቱም ደህና ቤት ነው ያላቸው፣ ደስ ይላል… ቆይ ስማኝ፣ ያ ሰውዬ ላሟን መልሶ ይሸጥልኝ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቅልኝ።"

ሻምሱ ቀና አለ።

"ኡፓ… ላሟን ሸጠው ነው የመጡት?"

ኩንሃሙ ስልኩን መለሱለት።

"አርጅታ ነበር" አሉና ሻንጣቸውን እየጎተቱ ገቡ።