የሮጠው እሱ፣ የተጠየቀችው ሚስቱ

ጎረቤቴ ራዲዮዋን ከፍ አድርጋ ነው የምትሰማው። የድሬዳዋ ሙቀት መስኮት አያስዘጋምና የሷ ራዲዮ የኔም ነው። ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳጥፍ አንዲት ሯጭ ልጅ እየተጠየቀች ነበር። ስለ ልምምዷ ጋዜጠኛው ጥቂት ከጠየቃት በኋላ፣ "ትዳር ሳትይዢ ምነው ቆየሽ?" አላት። ልጅቱ ሳቅ አለች። ሳቋ ሲያልቅ ዝም አለች። ጠያቂው ግን አልተዋትም፤ "ወይስ ያላወቅነው ሰው አለ?" ብሎ ቀጠለ። እኔ ነጠላዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። እንደዚህ ያለ ዝምታ ከብዙ ዘመን በፊት ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር፣ በወንድሜ ቤት ሰምቻለሁ።

ወንድሜ ሯጭ ነበር። ያደግነው ከጎንደር በስተሰሜን፣ ድብ ባሕር ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ በመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ተቀጥሮ፣ ማኪና በተበላሸ ቀን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው መልእክት ያደርስ ነበር፤ ዳገቱን በእግሩ። ኋላ ፖሊስ ሆኖ ጎንደር ገባ። አለቆቹ እግሩን አይተው ለውድድር ላኩት፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ዋንጫ ይዞ ተመለሰ። ሃምሳ አለቃ የተባለው ያን ጊዜ ነው። እኔ ለትምህርት ብዬ እሱ ቤት እኖር ነበር። ቤቱ ውስጥ ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ የእናታችን ታላቅ እህት የሆነችው አክስታችን፣ ከዚያም እኔ ነበርን።

ወንድሜና ሚስቱ የተጋቡት በቁርባን ነው። እንዲህ የተጋባ ሰው ሞት ካልለየው አይፈታም። ልጅ ግን ዘገየባቸው። ድብ ባሕር ያለው አባታችን ቁርባን ነው ብሎ የሚመለስ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌ ልኮ፣ ከሷ የሚመጣ ከሆነ ወደ እናቷ ይመልሳት አለ። ወንድሜ ለሽማግሌዎቹ፣ "ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ልምምድ ላይ ነኝ፤ የማድረውም ካምፕ ነው" ብሎ ነገሩን በራሱ ላይ ወሰደው። እሷ ግን ከኔ ነው ብላ ታምን ነበርና በየጾሙ ጸበል ትሄዳለች። ለድብ ባሕር ሰዎች "እናቷን ልትጠይቅ ማክሰኝት ወርዳለች" ይባል ነበር። እናቷም በእውነት ማክሰኝት ስለነበረች የጠረጠረ የለም።

የራዲዮው ጋዜጠኛ የመጣው በጽጌ ጾም ማብቂያ፣ የቁስቋም በዓል ሲቃረብ ነው። የወንድሜ ሚስት በዚያው ዕለት ማለዳ ከጸበል ገብታ ጓዳ ጋደም ብላ ነበር። ወንድሜም ከካምፕ አልተመለሰም። እንግዳውን የተቀበለችው አክስቴ ናት። ወጣት ነው፤ ክራቫት አስሯል፤ ከቦርሳው ሌላ ከባድ ሣጥን ይዟል። ሣጥኑን መደቡ ላይ አኑሮ ሲከፍተው ሁለት መንኮራኩር የመሰለ ነገር አየን።

"ራዲዮ ነው?" አለችው አክስቴ።

"የራዲዮ ነው፣ እማማ።"

"ምነው ታዲያ ዝም አለ?"

"ኋላ ይናገራል።"

ለሷ ይህ በቂዋ ነበር። ራዲዮ ስትሰማ የኖረችው በሰው ደጃፍ ስታልፍ ነው። ራዲዮ ይናገራል እንጂ ይሰማል ብሎ የነገራት የለም። ደግሞ እንግዳ ከቤቷ ገብቶ፣ ከማዕዷ ቆርሶ፣ የጠየቀውን ሳይመልሱለት መቅረት ለሷ ጠላ ቀድቶ መልሶ እንደመገልበጥ ያለ ነውር ነበር።

"ጾም ነው፤ ከሽሮ በቀር የለንም፣ የኔ ጌታ። ቅመስ እንጂ።"

"የሃምሳ አለቃ ባለቤትስ የሉም?"

"አለች። ደክሟት ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከጸበል ገባች።"

"ምን አሟቸው?"

"ምን ያማታል! የልጅ ነገር ነው እንጂ። ሸጋ ሴት ናት፤ እግዜር ዘገየባት። እሱማ ለአባቱ 'እኔ ነኝ' እያለ ይሸፍንላታል። እስቲ ጨምር፣ እጅህ ምነው ሰነፈ?"

ጠላ ይዤ ስገባ ደርሼ በዓይኔ ጠቀስኳት።

"ምን ታፈጥጪብኛለሽ?" አለችኝ። "አብሮን የቆረሰ ሰው ነው።"

መንኮራኩሮቹ ቀስ ብለው ይዞሩ ነበር። እኔም ምን እንደሚሠሩ አላወቅሁም።

ወንድሜ ገብቶ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ጋዜጠኛው ስለ ውድድሩ፣ ስለ ዳገቱ፣ በባዶ እግርና በጫማ ስለ መሮጥ ጠየቀው፤ ወንድሜም በደስታ መለሰ። ቀጥሎ፣ "ትዳርስ፣ ሃምሳ አለቃ?" አለው።

"ደኅና ነው።"

"ልጆችስ?"

ወንድሜ ዝም አለ። እንግዳው ጥቂት ጠብቆ ወደ ሌላ ነገር አለፈ። ለካ መልሱ ቀድሞውኑ ሣጥኑ ውስጥ ነበር።

ሲጨርሱ አክስቴ፣ "በል እንግዲህ ይናገርልን፤ ኋላ ይናገራል ብለኸኛል" ብላ ያዘችው። እሱም ሊያስደስታት መንኮራኩሩን ወደ ኋላ አዙሮ ለቀቀው።

"ማናት ይች ለፍላፊ?" አለች አክስቴ እየሳቀች።

"እርስዎ ነዎት፣ እማማ።"

ሣጥኑ "ከጸበል ገባች" አለ። "ለአባቱ 'እኔ ነኝ' እያለ" አለ። አክስቴ ሳቋን ተወች። ወንድሜ ሣጥኑን ሳይሆን የጓዳውን መጋረጃ ነበር የሚያየው።

"ይህ ይወጣል?" አለ ወንድሜ በለሆሳስ።

"ሃምሳ አለቃ፣ አለቃዬ የሯጮችን ኑሮ አምጣ ነው ያለኝ። ሰው ይህን ሲሰማ አብሯችሁ ያለቅሳል።"

"የሮጥኩ እንደሆነ ያጨብጭብልኝ። አልቅስልኝ ብዬ ማንን ለመንኩ? ስለ እግሬ ይጠይቁኝ፤ እስኪመሽ እነግርዎታለሁ። ይህ ግን የኔ ብቻ አይደለም።"

"እኔ ግን ጠይቄ ነው የተነገረኝ፤ አልሰረቅሁም።"

"እሷን አልጠየቋትም።"

መጋረጃው ተገለጠና የወንድሜ ሚስት ወጣች። ራሷን በሻሽ አስራለች። ለእንግዳው እጅ ነሥታ ከአክስቴ አጠገብ ተቀመጠች።

"ይህ ድምፅ ድብ ባሕር ይሰማል?" አለችው።

"ይሰማል፣ እመቤቴ። መንገድ ሠራተኞቹ ጋ ራዲዮ አለ ብለውኛል።"

"እንግዲያው አማቴ ይሰማሉ። ባሌ ስለኔ ለሽማግሌዎቹ የተናገረውን ሁሉ ሐሰት ነው ይላሉ። እኔም ከዚህ ቤት እወጣለሁ።" የተናገረችው የገበያ ወሬ እንደምታወራ ሆና ነው። "ስለ ቤቴ ማወቅ ከፈለጉ እኔ አለሁ። የምመልሰውን እኔ እመርጣለሁ።"

ጋዜጠኛው ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። ቆይቶ፣ ሣጥኑ በአሮጌው ድምፅ ላይ አዲስ ድምፅ ሲነገርበት አሮጌው እንደሚጠፋ ነገረን። መንኮራኩሩንም አክስቴ ወደ ጀመረችበት መለሰው።

"ሃምሳ አለቃ ሲሮጡ ምን ይሰማዎታል?" አላት።

"ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። እኔ የማውቀው ሲመለስ ነው። ውኃ አሞቅለታለሁ፤ እግሩን ሲነክር የዋለበትን አቀበት ሁሉ ያወራልኛል። አቀበቶቹ ስም አላቸው፤ አንዱን በአክስቱ ስም ነው የሚጠራው።"

"በኔ?" አለች አክስቴ።

"እንደ ወሬዋ አያልቅም ብዬ ነው" አለ ወንድሜ። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቁም ቴፑ ላይ ገባ። አክስቴ ግን ከጅምሩ እስከ መጨረሻው እንደገና ካላሰማኸኝ ከቤቴ አትወጣም አለችው። አሰማት። ያን የጸበሉን ወሬዋን ከቴፑ አጥታ፣ "ደኅና አድርገህ አጠፋኸኝ። እግዜር ይስጥህ፤ ግን ሁለተኛ ሰው ቤት ገብተህ ሳትናገር ይህን ነገር አታዙር" ብላ እስከ ደጅ ሸኘችው። እሱም "እሺ፣ እማማ" አለ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ሌላ ቴፕ ይኖረው ይሆን፣ የሰማውንስ በራሱ አፍ ይናገረው ይሆን እያልን እስኪተላለፍ ድረስ ሰጋን። በዕለቱ ጎረቤታችን የነበሩ መምህር ቤት ሄደን ተቀመጥን። የወንድሜ ሚስት መቁጠሪያዋን ይዛ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነው የሰማችው፤ ቁጭ በይ ብንላት አልቀመጥም አለች። ዳገቱ ተነገረ። ውኃው ተነገረ። የአክስቴ አቀበትም ተነገረ፤ ሳቃችን ተሰማና ዘፈን ገባ። እሷ በረጅሙ ተነፈሰችና መምህሩን አመስግና ወደ ቤቷ ሄደች። አባታችንም ከድብ ባሕር በሚመጣ ሰው፣ "ውኃ ማሞቁን ትበርታበት" ብሎ ላከ። በሰላም የላከው የመጀመሪያው መልእክት ያ ነበር።

ይህን ያነበበ ሰው፣ ኋላ ልጅ መጣ ወይስ አልመጣም ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። ወንድሜ ዐርፏል፤ ነፍሱን ይማር። ሚስቱ ጎንደር አለች። እዚህ ድረስ ያለውን ልጻፈው ወይ ብዬ በዘመድ አስጠይቄያት፣ ስም ካልጠራሽ ጻፊው ብላኛለች። ከዚህ ያለፈውን ልጻፍ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም።