ክሊኒክ የገባ ሽምግልና

ድግስ ጠርቶ «ወጡን ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። የልጄ ትምህርት ቤት ግን እንደዚያ ነበር። ልጄ ነርስ ናት፤ ያን ጊዜ ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ማለት እንደ ሐኪም መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ ለመሆን እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ትማር ነበር። የቀራት ክሊኒክ ገብታ ከአንድ የሙያው አዋቂ ጎን ቆማ በሽተኛ ማየት ነው። ያንን አዋቂ ፕሪሴፕተር ይሉታል። «ራስሽ ፈልጊ» አሏት። ተርሙ፣ ማለት የትምህርት ወቅቱ፣ ሳይጀምር ካላገኘች ዓመቱን ሙሉ ትምህርቷ ሊቆም ነው።

ፈለገች። ከሥራ መልስ ስልክ ይዛ ትቀመጣለች፤ የሚያነሳው ማሽን ነው። ፍሪድሊ የምትባል ከተማ ድረስ ድራይቭ አድርጋ ሄዳ ከእንግዳ መቀበያው መስኮት መለሷት። አንዱ ተማሪ አለኝ ይላል፣ ሌላው ክፍል የለንም። የእኔን ደም ግፊት የምታየውን ሴትዮ ለምን አትጠይቂም ስላት፣ «የእናቴን ሐኪም አላስቸግርም» አለች።

አንድ እሑድ፣ «በቃ እማ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይሁን» አለችኝ።

«አይሆንም።»

«ምን ልታደርጊ?»

እኔም አላውቅም ነበር። እግሬ ግን ቤት አይወድም፤ ሐሳብ የሚመጣልኝ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚሉትን ረጅም ጎዳና ሳካልል ነው። በማግስቱ እየሄድኩ፣ አውቶቡሱ ሁለቴ አልፎኝ፣ መጣልኝ። ሰው እምቢ ሲል በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ይላካላ!

ከበላያችን የሚኖሩት ጡረተኛ ጎረቤቴ አስመራ ከተማ በአማርኛ የተማሩ፣ እንግሊዝኛም አሳምረው የሚያውቁ ናቸው።

«እህቴ፣ ሴት ለሽምግልና ስትሄድ የት አይተው ያውቃሉ?» አሉኝ።

«ረቡዕ ያያሉ። ኮትዎን ይልበሱ።»

ረቡዕ የደም ግፊት ቀጠሮዬ ነበር። ሴትዮዋ እሷም ነርስ ፕራክቲሽነር ናት። ገብታ «ተቀመጡ» አለች። አልተቀመጥንም። ጎረቤቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ልመናችንን በእንግሊዝኛ ነገሯት።

«ይቅርታ፣ በዚህ ተርም ተማሪ አልወስድም። ይቀመጡና ግፊትዎን ልለካ።»

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም በሏት» አልኩ።

«እምቢ ካልኩስ?»

«እንሄዳለን። ከዚያ ደግሞ እንመጣለን። ሽማግሌ በአንድ ቀን ልጅ ተሰጥቶት አያውቅም።»

ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄንንም ልተርጉመው?» አሉ።

«አንድም ሳያስቀሩ!»

ሴትዮዋ እኔንም እሳቸውንም አየችን። ግፊቴን እንደቆምኩ ለካችኝ። ከፍ ብሏል። «ተቆጥተዋል» አለች።

«አልተቆጣሁም። እየለመንኩ ነው።»

መሣሪያዋን ሰበሰበች። «ልጅዎ ራሷ ትምጣ። ዓርብ ጠዋት፣ በሽተኛ ሳይገባ። ቃል ግን አልሰጥም።»

ጎረቤቴ ደስ ብሏቸው ወንበር ሊስቡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ይሄ እሺ አይደለም። እንደቆምን ወጣን።

ልጄ ስትሰማ ጮኸች። «እማ! እኔ ሙሽራ ነኝ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ! ሴትዮዋ ምን ትለኛለች?»

«ሙሽራ ብትሆኚማ ይህን ያህል ባልለመንኩ።»

«አልሄድም!»

«ከቀረሽ እኔ እመለሳለሁ። አሁን መንገዱን አውቄዋለሁ።»

ይሄ አስፈራት መሰለኝ፣ ሄደች።

ዓርብ እኔ የልጅ ልጆቼን ምሳ ሳበላ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ እመሐል ቤት ቆመች። «ሰኞ እጀምራለሁ» አለች፣ ገና እንደተኮሳተረች።

«ምን አለችሽ?»

«ስለ ሥራዬ ብዙ ጠየቀችኝ። እያንዳንዱን በሽተኛ እንዴት አድርጌ እንደምጠይቅ፣ ምን እንደምፈራ። ስለ አንቺ አላነሳችም።»

ዋሽታኛለች፤ ሳቋን ስትውጥ አይቻታለሁ። አመሰግናለሁ አላለችኝም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ከልጆቹ ሳህን አንድ ጉርሻ አነሳችና፣ «ከዚህኛው ተርም ቀጥሎ ደግሞ የሕፃናት ክሊኒክ አለ» አለች። «ሌላ ፕሪሴፕተር ነው። እሱን እኔው እፈልጋለሁ። እንዳትሄጂ። እሺ በዪኝ፣ እማ።»

እሺ አላልኳትም።