የቆሙት ጡቦች

አክስቴ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ልትከፍት ስትነሳ፣ ቤቱ ሲያልቅ የሚኖረውን መልክ በኮምፒውተር እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ባሏ ግን "ልጁ በዚያ ላፕቶፕ ፊልም ከማየት ሌላ ምን ያውቃል?" ብሏት ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ ቢበላሽ የምናፍረው እኔም እሷም ነን።

ጡቡን ከፎቶ አልወሰድኩም። ስክሪኑ ላይ ኖድ የሚባሉ ትንንሽ ሳጥኖችን በመስመር እያያያዝኩ፣ የጡቡን ርዝመትና ቁመት፣ በጡብና በጡብ መካከል ያለውን የሲሚንቶ ስፋት በቁጥር እየሰጠሁ ሠራሁት። ከግቢያችን አንድ ጡብ አንስቼ በማስመሪያ ለክቻለሁ። የፊቱን ግድግዳ ደጋግሜ አየሁት፤ እንከን የለውም። የጎኑን ገረፍ አድርጌ አልፌ ላክሁላት።

ሰኞ ጠዋት ግንባታው ቦታ ስደርስ የጎኑ ግድግዳ ጉልበቴ ድረስ ወጥቷል። ጡቦቹ በሙሉ እንደ ወታደር ቆመዋል። ግንበኛው ስልኩን አሸዋ ላይ አስደግፎ፣ ሥዕሌን እያየ ይገነባል።

"መጣህ ኢንጂነር?" አለኝ። "ሃያ ዓመት ሙሉ ጡብ ሳስተኛ ኖርኩ፤ ማቆም ያስተማርከኝ አንተ ነህ።"

"ጋሼ፣ ግራ ሲገባዎት ምነው ቢደውሉልኝ?"

"ኮምፒውተር ይሳሳታል እንዴ? የአዲስ አበባ ፋሽን መስሎኝ!"

ቤቴ ሮጥኩ። ጥፋቱ አንዲት ሳጥን ውስጥ ነው፤ የጎኑን ንድፍ ዘጠና ዲግሪ ማዞር ነበረብኝ፣ ረስቼዋለሁ። ቁጥሩን ስጽፍ ጡቦቹ ባንዴ ተኙ። ላፕቶፑን ታቅፌ ስመለስ አክስቴ ከነባሏ ደርሳለች።

"አክስቴ፣ ተሳስቻለሁ። ይፍረስ።"

ባሏ አፉን ሲከፍት ቀደመችው። "ምኑ ነው የሚፈርሰው? ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሰው ፎቶ አንስቶታል!" የታረመውን ሥዕል አየችና ከንፈሯን አጣመመች። "ይሄማ የማንም ሰው ግድግዳ ነው። ጡቦቼን መልስልኝ።"

ባሏ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው። "እሱስ ያምራል" አለ ቀስ ብሎ።

ዘጠናውን ዜሮ አደረግሁት፤ ጡቦቹ ተመልሰው ቆሙ።

ልሄድ ስል ማዕዘኑ ላይ ሁለት ጣት የማትሞላ ቀጭን ጡብ አየሁ። ሥዕሉን አጉልቼ ፈለግኋት፤ አለች። የግድግዳው ርዝመት ለሙሉ ጡቦች እኩል ስላልተካፈለ የተረፈች ስንጣሪ ናት። እኔ ሳላያት ግንበኛው አይቷታል።

"እሷን ለመቁረጥ አራት ጡብ ሰብሬያለሁ" አለኝ፣ ሜትሩን እያቀበለኝ። "እስቲ ለካት።"

ለካኋት። ልክ ናት።